ወረቀቱ ላይ የማይጻፈው ምክንያት

ትልቅ ውሳኔ ሲገጥመን ሰው እንጠይቃለን። ዱባይ ልሂድ ወይስ ልቅር? ይህን ሥራ ልልቀቅ? እናት ይጠየቃሉ፣ ጓደኛ ይጠየቃል፣ ቡና ላይ የተገኘ ጎረቤት ሁሉ ሐሳብ ይሰጣል። መመካከሩ ጥሩ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው የተሻለው ምክር ሳይሆን መጨረሻ ላይ የሰማነው መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1772 ጆሴፍ ፕሪስትሊም እንዲህ ተጨንቆ ነበር። በእንግሊዟ ሊድስ ከተማ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ ጎን ለጎን ሳይንስ ይመራመራል። ሎርድ ሼልበርን የተባለ ባለጸጋ ፖለቲከኛ ቤተ መጻሕፍቱን እንዲይዝለትና የልጆቹን ትምህርት እንዲከታተልለት ጠየቀው። ክፍያው በዓመት 250 ፓውንድ። ገንዘቡ ጥሩ ነው፣ ግን ምዕመኑን ትቶ ሰው ቤት ሊገባ ነው። ለንደን ለነበረው ወዳጁ፣ ለአሜሪካዊው ፖለቲከኛና ተመራማሪ ለቤንጃሚን ፍራንክሊን ጻፈለት።

የፍራንክሊን መልስ ደስ ይላል። ጉዳዩን በደንብ ስለማላውቀው ምን እንደምትወስን አልመክርህም፣ እንዴት እንደምትወስን ግን ልንገርህ አለው። (ከእኛ መካሪዎች ስንቱ እንዲህ ይላል?) ወረቀት መሃል ለመሃል በመስመር ክፈል። በአንዱ በኩል የሚደግፈውን፣ በሌላው የሚቃወመውን ጻፍ። በአንድ ቀን አትጨርሰው፤ ሦስት አራት ቀን የመጣልህን ሁሉ ጨምርበት። ከዚያ ክብደታቸው እኩል የሆኑትን ከሁለቱም ወገን ሰርዝ። አንዱ ሁለቱን የሚመዝን ከሆነ ሦስቱንም ሰርዝ። አንድ ሁለት ቀን ደግሞ ቆይ። አዲስ ነገር ካልመጣ የተረፈውን አይተህ ወስን።

ፕሪስትሊ ሥራውን ተቀበለ። በ1774 ኦክስጅንን ለይቶ ያወጣውም እዚያው ሼልበርን ግቢ ሆኖ ነው። ይህ ግን ለዘዴው ማስረጃ አይሆንም። በደንብ አስቦ የከሰረም፣ ዝም ብሎ ገብቶ የተሳካለትም ሞልቷል።

እኔ የምወድለት ሒሳቡን አይደለም፤ ማዘግየቱን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቀን ሲያልፍ ሞቅታውም ኩርፊያውም ይበርዳል። ሌላው ደግሞ ወረቀት የሚያሳፍረውን ምክንያት ይችላል። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርልስ ዳርዊን በ1838 ላግባ ወይስ አላግባ ብሎ ሲጽፍ፣ ማግባትን ከሚደግፉት መካከል ሚስት ቢያንስ ከውሻ ትሻላለች የሚል አለበት። በተቃራኒው በኩል ለመጽሐፍ መግዣ ገንዘብ ያንሳል ይላል። ለሰው የሚነገር አይደለም፤ ግን የልቡን ነው የጻፈው። በ1839 ጥር ላይ አገባ።

እኛ ብንጽፍ የምንዘለው «ሰው ምን ይለኛል»ን ይመስለኛል። ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ ደመወዙን ትጽፋለች፣ ለወላጆቿ የምትሠራውን ቤት ትጽፋለች። «ጓደኞቼ ሁሉ ሄደው እኔ ብቻ ቀረሁ» የሚለውን አትጽፍም። ሥራውን መልቀቅ ያቃተው ሰውም «ጡረታ አለው» ይላል እንጂ «አባቴ የሚኮራብኝ በዚህ ነው» አይልም። የአባት ኩራት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሚዛን ላይ መውጣት አለበት። ተደብቆ ሲመዝን ነው የሚያስቸግረው።

ይህን ሁሉ ከጻፉ በኋላ ወደ ትልቅ ሰው መሄድ ነው፣ ወረቀቱን ይዞ። ያኔ ጥያቄው «ልሂድ ወይ?» መሆኑ ይቀርና «እዚህ ላይ የረሳሁት ምን አለ?» ይሆናል። ደላላው «ነገ ካልከፈልሽ ቦታው ያልፍሻል» ካለም፣ እሱን ራሱን በሚቃወመው በኩል ማስፈር ነው።