የአቦርጂናሎች የልብ ሕመም፦ ተጠያቂው ማን ነው?

የክርክሩ ርዕስ፦ «በአውስትራሊያ አቦርጂናሎች ዘንድ ለተስፋፋው የልብ ሕመም ዋናው ምክንያት የራሳቸው አኗኗር ነው።» (አቦርጂናሎች የሚባሉት ነጮች ከመምጣታቸው በፊት በአውስትራሊያ የኖሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊ፦
ሲጋራ፣ የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት፣ ውፍረት። እነዚህን ትተን ስለ ልብ ሕመም ማውራት አንችልም። በ1982 በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ኪምበርሊ በተባለው አካባቢ፣ የስኳር ሕመም የነበረባቸው 10 አቦርጂናሎች ከሰፈራቸው ወጥተው ለ7 ሳምንት እያደኑና ከዱር እየለቀሙ ኖሩ። በአማካይ 8 ኪሎ ያህል ቀነሱ፤ በደማቸው ያለው ስኳርና ስብም ወረደ። የተለወጠው አመጋገባቸውና እንቅስቃሴያቸው ነው። ታዲያ ምን ያሸፋፍነናል? ሲጋራውን በግድ አፋቸው ውስጥ የከተተባቸው የለም።

ተቃዋሚ፦
ወንድሜ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ አስደንግጣኛለች። በከብት እርባታ ጣቢያዎችና በሚሲዮኖች አቦርጂናሉ ሠርቶ ይቀበል የነበረው በአብዛኛው ራሽን ነው፦ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ፣ ትምባሆ። በከብት እርባታው እኩል ደመወዝ ይከፈላቸው ተብሎ የተወሰነው ገና በ1966 ነው። ትምባሆ የድካም ዋጋ ሆኖ የተሰጠውን ሕዝብ «የከተተባቸው የለም» ይሉታል?

ደግሞስ የልብ ሕመም ሁሉ ከሲጋራ ይመጣል ያለው ማነው? በሰሜናዊው ግዛት የአቦርጂናል ልጆችን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚነሳው ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ባክቴሪያ ነው። ጉሮሮን ወይም ቆዳን ያጠቃል፤ ሰውነት ሲከላከለው የራሱን የልብ ቫልቭ ያቆስላል። የሚዛመተው ሰው በታጨቀበት፣ መታጠቢያው ተበላሽቶ ጠጋኝ ባጣ ቤት ነው። የታመመው ልጅ ለዓመታት በየ28 ቀኑ ፔኒሲሊን ይወጋል። ይህን መርፌ የአገራችን እናቶችም ያውቁታል። እስቲ የሰባት ዓመት ሕፃን በየትኛው አኗኗሩ ይጠየቃል?

ደጋፊ፦
ራሽኑን አልክድም። ነገር ግን ኒኮቲንን፣ ያን የትምባሆ ሱስ አስያዥ ንጥረ ነገር፣ ያስተማራቸው ነጭ አይደለም። በመካከለኛው አውስትራሊያ ፒቱሪ የሚባል ኒኮቲን ያለበት ቅጠል ከአመድ ጋር እያላወሱ ያኝኩ ነበር፤ በሰሜን ዳርቻም ከዛሬዋ ኢንዶኔዥያ በባሕር የሚመጡ የማካሳር ነጋዴዎች ትምባሆ ያመጡላቸው ነበር። ከ1966 ወዲህ ደግሞ ትውልድ አልፏል።

ሕዝቡን የናቅሁ አስመስለው ማቅረብዎ አሳዝኖኛል። ታማሚን «መለወጥ ትችላለህ» ማለት ማክበር ነው። በታሪኩ የታሰረ ምስኪን አድርጎ ማየት ነው የሚያሳንሰው።

ተቃዋሚ፦
ቅጠል ማኘክና ሲጋራ በፓኮ ማጨስ ምን አገናኛቸው? ፒቱሪ ጭስ ሆኖ ሳንባ አይገባም፣ በደመወዝ ፋንታም አልታደለም። «የከተተባቸው የለም» ብለው ነበር፤ አሁን «ራሽኑን አልክድም» አሉ። እንግዲያው የከተተ ነበረ። ቃልዎን ያንሱ።

ስለ ሕፃኑ ትንፍሽ አላሉም። የኪምበርሊው ጥናትም ቢሆን ለእኔ ነው የሚመሰክረው፤ ሰዎቹ የተሻላቸው በአገራቸው መሬት ላይ የአገራቸውን ምግብ ሲበሉ ነው። በሩቅ ሰፈሮች ያለችው ብቸኛ ሱቅ አትክልቱን ከከተማ ዋጋ አስበልጣ ስትሸጥ የእርስዎ ምክር ምን ይፈይዳል?

ደጋፊ፦
አብዛኛው አቦርጂናል እኮ ዛሬ የሚኖረው በከተሞችና በአካባቢያቸው እንጂ በሩቅ ሰፈር አይደለም! ዕድሜያቸው 15 ከሞላ አቦርጂናሎች በየቀኑ የሚያጨሱት በ2002 ግማሽ ያህል ነበሩ፤ በ2018–19 ወደ 37 በመቶ ወርደዋል። ራሽኑ ከታሪካቸው ሳይፋቅ ነው ያቆሙት። ወስነው ነው። ይህን ድል ለምን ይነጥቋቸዋል?

ተቃዋሚ፦
አልነጠቅኋቸውም፤ ድሉ የእነሱ ነው። ለዚያም ነው ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ጤና ጣቢያዎች የሚያስፈልጉት። የመጀመሪያው በ1971 በሲድኒ፣ ሬድፈርን ተከፍቷል። እዚያ የሚሠራ ሰው የወገኑን ልብ እያዳመጠ «በግድ የከተተብህ የለም» ብሎ ወሬ አይጀምርም።

ደጋፊ፦
ስለዚህ «ማጨስ አቁም» መባል እንዳለበት ተስማምተናል፤ የቀረን ማን ይበለው የሚለው ነው። እኔ ከዚህ ሌላ አላልኩም።

ተቃዋሚ፦
ብለዋል እንጂ፤ ርዕሱ ከላይ ተጽፏል፣ የደገፉትም እርስዎ ነዎት። ማን ይናገር የሚለውን ከተስማማን ደስ ይለኛል። የዚያን ሕፃን መታጠቢያ ቤት ማን ይጠግን የሚለውን ግን ገና አልመለሱልኝም።