ኢዮብም «ለምን?» ብሏል
አንድ ጸሐፊ «በእግዚአብሔር ዕቅድ የሚታመን ሰው ‹ለምን?› ብሎ አይጠይቅም» ያሉትን ልቀበለው አልቻልኩም። ኢዮብ እኮ የተወለደባትን ቀን እስከ መርገም ደርሷል! በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ግን መከራውን በኃጢአቱ ሊያስረዱ በደከሙት ወዳጆቹ ላይ ነው። ሰባት ቀን አጠገቡ ዝም ብለው ሲቀመጡ ይሻሉ ነበር።

እኛ ደሴዎች በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ሲመጣ ብዙ ሐዘን አይተናል። ለቅሶ ቤት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል፤ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ»፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይባላል እንጂ የሞቱ ምክንያት አይተነተንም። ልጇን ቀብራ፣ መልስ ሳታገኝ፣ ዛሬም ለጸሎት የምትነሣ እናት ከማንኛችንም በላይ ታምናለች። «ለበጎ ነው» ልትሏት የምትቸኩሉ ሰባክያን፣ እባካችሁ መጀመሪያ አብራችኋት አልቅሱ።