ዕዳውንስ ማን ዋጠው?

ወገኖቼ፣ በየቴሌግራሙ የምትለጥፏት የአብርሃም ሊንከን ታሪክ አንገሸገሸችኝ። «ነገደ፣ ከሰረ፤ ተወዳደረ፣ ተሸነፈ፤ በ1860 ፕሬዚዳንትነት ተመረጠ!» ከሥሯ የእሳት ምልክት ትደረድራላችሁ። ከኪሳራው በኋላ የመጣውን ዕዳ ግን አንዳችሁም አታነሱም።

እኔ ላንሳው። ሊንከን ትምህርት ቤት የቆየው ተደማምሮ አንድ ዓመት የማይሞላ የገበሬ ልጅ ነበር። ኒው ሳሌም በምትባል የኢሊኖይ መንደር ከዊልያም ቤሪ ጋር ተሻርኮ በዱቤ ሱቅ ያዘ። ሱቁ ከሰረ። በ1835 ቤሪ ሲሞት የእሱም ድርሻ ሊንከን ላይ ወደቀ፤ በጠቅላላው ወደ 1100 ዶላር። ሰውዬው የመንደሩ ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆኖ በዚያ ዓመት ያገኘው 56 ዶላር ገደማ ነው። ደብዳቤውን ባርኔጣው ውስጥ ከትቶ ያድል፣ መሬት ይለካ፣ የአጥር እንጨት ይፈልጥ ነበር። አንድ አበዳሪ ከስሶ ፈረሱንና የመሬት መለኪያ ዕቃውን ለጨረታ አስወጣበት፤ ደግነቱ ጄምስ ሾርት የሚባል ጎረቤቱ ገዝቶ መለሰለት።

ያኔ ባለዕዳ ሌሊት ጓዙን ጭኖ ወደ ምዕራብ ቢጠፋ ማንም አይደርስበትም። እሱ ግን «የአገር ዕዳዬ» እያለ እየቀለደ፣ ዓመታት ፈጅቶ ከፈለ።

«ተሸነፈ» የምትሉትም በ1832 ነው፤ እውነት ነው፣ የኢሊኖይ ምክር ቤት አልገባም። ነገር ግን በራሱ መንደር ከ300 ድምፅ 277ቱን ያገኘው እሱ ነው። እናንተስ፣ የሰፈራችሁ እቁብተኞች ስንት ድምፅ ይሰጧችኋል?

መክሰር በማንም ላይ ይደርሳል። ሲም ቀይሮ፣ ሰፈር ለውጦ፣ ዋስን ለአበዳሪ ጥሎ መጥፋትን ግን በሊንከን ስም አትሸፍኑ!

የምቆጣው ወድጄ አይደለም። የሃያ ሰው ሳምንታዊ እቁብ ላይ ለአንዱ ዋስ ሆንኩ። በሦስተኛው ዙር ዕጣ ወጣለት፣ ብሩን ቆጥሮ ወሰደ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ «ጥሪ አይቀበልም»። የቀረውን አሥራ ሰባት ሳምንት እኔ ጣልኩለት። ሰሞኑን ፌስቡክ ላይ ብቅ ብሏል፤ ያችኑ የሊንከን ታሪክ ለጥፎ። ላይክ ካደረጉለት መካከል የእቁቡ ዳኛ አሉበት።

ከሥሩ «1100 ዶላሩስ?» ብዬ ጻፍኩ። ብሎክ አደረገኝ።