ባሕሩ ሲሸሽ ያየ ልጅ ግንዛቤ አነሰው?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ባሕር ዳር አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ነበር። አንድ የሥራ ኃላፊ ማይኩን ያዙና «ወጣቱ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ያለው ግንዛቤ እጅግ ዝቅተኛ ነው» አሉ። ማስረጃም አላቸው። «ዝናቡ ለምን ተዛባ ብላችሁ ጠይቁት፤ የእግዜር ቁጣ ነው ይላችኋል።» አዳራሹ ሳቀ። ቪዲዮውን ማታ በስልኬ አየሁት። ንግግሩን እንኳ በቻልኩት፤ ሳቁ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

እስኪ ከሳቁ እንነሳ። በጎጃምና በጎንደር መንገድ የተጓዘ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ሜዳው ታርሶ አልቋል፤ ኮረብታው ተራቁቷል። በዚያ ሁሉ ገላጣ መሐል ክብ ሆኖ ጥቅጥቅ ያለ ደን ብቅ ይላል። ጠጋ ሲሉ ጉልላት ይታያል፤ ቤተ ክርስቲያን ነው። ያ ጽድ፣ ያ ወይራ፣ ያ ዋንዛ እስከ ዛሬ የቆመው በየትኛው ሥልጠና ነው? የታቦቱን ዛፍ የቆረጠ ይቀሰፋል ስለተባለ ነው። ጣና ውስጥ የገባው ልሳነ ምድር ዘጌ እኮ በጀልባ ቅርባችን ነው። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ ውግዝ ነው፤ ሕዝቡ ከዛፍ ጥላ ሥር ቡና እየለቀመ ኖሯል። ደኑም አለ። እንግዲህ የተሳቀበት «የእግዜር ቁጣ» ይኸውላችሁ፤ ደን ጠብቆ አሳይቷል። የእኛ መድረክ ምን ጠብቋል? ባነሩን እንኳ በማግስቱ አያገኙትም።

ደግሞ ያንን የተሳቀበትን ልጅ አንድ ጥያቄ ጨምረው ቢጠይቁት ምን ነበረበት? «ምን አድርገን ነው የተቆጣን?» ይበሉት። እኔ ጠይቄአለሁ። ጠዋት ጠዋት ቡና የምጠጣበት ጀበና ቡና ቤት ያለች ልጅ አለች፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ቄጠማ እየጎዘጎዘች «ዛፉን ጨርሰን፣ ባሕሩን ጫፍ ድረስ አርሰን፣ እንዴት አይቆጣ?» አለችኝ። ቄጠማውን የምታመጣላት ሴትዮ ድሮ ከቅርብ ታጭድ ነበር፤ አሁን ርቃ ትሄዳለች። ቅርቡ ታርሷላ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ነገሬም ይኸው ስለሆነ።

የጣና ዳር ሰው «ባሕር ሸሽ» የሚል ቃል አለው። ውሃው በበጋ ሲያፈገፍግ የሚለቀው እርጥብ መሬት ማለት ነው፤ ተከትለውት ይዘሩበታል። ቃሉ የቆየ ነው። ግን አሁን ከወጣቶቹ አፍ ስትሰሙት ሌላ ነገር አለው። «ዘንድሮ ባሕር ሸሹ የት ደረሰ?» ይባባላሉ፤ ልክ ስለ ጤፍ ዋጋ እንደሚያወሩት። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ሆኖ እጅግ ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ሰፌድ በሉት። ሰፌድ ላይ ያለ ውሃ ደግሞ ትንሽ ሲጎድል ዳርቻው ብዙ ይርቃል። ይህንን ያለ ግራፍ የሚያውቁት ልጆች ናቸው ግንዛቤ የላቸውም የሚባሉት።

አንዱን ላሳያችሁ። ዓሣ የሚያወጣ ልጅ ነው፤ ትምህርቱን ስምንተኛ ላይ አቁሟል። ባለፈው ቅዳሜ ሳገኘው ጀልባውን ዳር አውጥቶ፣ ሞተሩ ላይ የተጠመጠመውን የእምቦጭ አረም በቢላ እየከረከመ ነበር። ግንዱ ሲቆረጥ ስፖንጅ ይመስላል፤ ውሃ ያንጠባጥባል። እጁን ሳያቆም እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ጠጥቶ ብቻ የሚያድግ ይመስልዎታል? ምግቡ ከላይ ነው የሚመጣለት። ጉማራና ርብ ሲሞሉ አፈሩን ከነማዳበሪያው ይዘውለት ይወርዳሉ። ከተማው ደግሞ ፍሳሹን ይልክለታል። አባቴ ዝናቡ ድሮ ቀስ ብሎ ነበር የሚገባው ይላል። አሁን ይቆይና ይቆይና ባንዴ ይለቀዋል። ባንዴ ሲመጣ አፈሩም ባንዴ ይሄዳል።»

በቃ። ሦስት ቀን በስላይድ የሚብራራውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። እምቦጭ በይፋ ከታወቀ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እነዚህ ልጆች ከአረሙ ጋር ነው ያደጉት። በዘመቻ ጊዜ እስከ ደረታቸው ገብተው በእጅ የነቀሉት እነሱ ናቸው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ተኝቶ እንደሚነሳም በዓይናቸው አይተዋል፤ የነቀሉበት ቦታ ላይ ነዋ ተመልሰው የነቀሉት። በ2011 አረንጓዴ አሻራ ሲጀመርም ጉድጓድ የቆፈረው ማን ነበር? የሚገርመኝ ይሄ ነው። ጉድጓድ ሲቆፈር ወጣቱ «ትኩስ ኃይል» ነው፤ ሐሳብ ሲጠየቅ «ግንዛቤ የለውም»።

ልጆቹ ደግሞ እንደ መድረኩ ሁሉንም በአየር ንብረት ላይ አያላክኩም። ጫወታቸውን ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው አንድ ክርክር አያጣም። ባሕሩ ሲጎድል ጥፋቱ የዝናቡ ነው ወይስ የበሩ? በሩ የሚሉት ጨረጨራን ነው፤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ በ1988 የተሠራውን የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ በሌላ በኩል 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ በዋሻ ውሃ ይወስዳል። በ1995 ሐይቁ ክፉኛ ጎድሎ መርከቦች ለወራት ቆመው ነበር፤ ዝናብም አንሷል፣ ለመብራትም ውሃ ተለቋል። ያኔ ያልተወለዱት ልጆች ናቸው ዛሬ ይህንን በአባቶቻቸው ወሬ ይዘው የሚሟገቱት። ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፤ መልሱም ኃላፊነት ያመጣል። ከዚህ ጥያቄ ይልቅ ደንቆሮ ወጣት ይመቻል።

አዎ፣ ይሳሳታሉ። ኦዞንና ሙቀት አማቂ ጋዝ ይደባለቅባቸዋል። ከሰል አክስለው የሚኖሩም አሉ። ግን እስኪ አገራችን በ2013 ለዓለም የገባችውን ቃል ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ልቀቴን፣ ምንም ባልሠራ ከሚደርስበት መጠን በ68.8 በመቶ እቀንሳለሁ ብላለች፤ ከ68.8ቱ በራሴ አቅም ያለችው 14ቱን ብቻ ነው። ቀሪው የውጭ ድጋፍ ከተገኘ ነው። ልክ ናት፤ ከዓለም ልቀት የእኛ ድርሻ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ መንግሥት «ገንዘብ ከሰጣችሁኝ» ሲል ድርድር ነው፤ ሥራ የሌለው ልጅ «ሌላ መተዳደሪያ ከሰጣችሁኝ» ሲል የግንዛቤ ችግር ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ይመጣል። እዚያም ስለ «ወጣቶች ተሳትፎ» ጥሩ ጥሩ እንግሊዝኛ እንደሚነገር አልጠራጠርም።

ለዓሣ አጥማጁ ልጅ ቪዲዮውን ከፍቼ ሰጠሁት። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን ተቀበለኝ፤ እስከ መጨረሻው አየ። ሲሳቅ እሱም ፈገግ አለ፤ አፍሬ ዞር አልኩ። ከዚያ ወደ ኋላ መልሶ አንድ ቦታ ላይ አቆመው።

«ይሄን ሆቴል አውቀዋለሁ፤ ዓሣ አስገባለታለሁ» አለኝ። «በዚህ በኩል ያለው መስኮት እኮ ቀጥታ ወደ ባሕሩ ነው። ለምንድን ነው መጋረጃውን የዘጉት?»

«ለፕሮጀክተሩ ይሆናል» አልኩት።