ቁልፍና ጓጉንቸር ብቻውን አይበቃም

ስለ ኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) የወጣ አንድ ጽሑፍ ኢንዛይሙን በጓጉንቸር፣ ሰብስትሬቱን (ኢንዛይሙ የሚለውጠውን ሞለኪውል) በቁልፍ ይመስላል። መመሰሉ ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ኬሚስቱ ኤሚል ፊሸር በ1894 እ.ኤ.አ. ያመጣው ምሳሌ ነው። እዚያ ላይ ማቆሙ ግን አንባቢን ያሳስታል። ኢንዛይም ሰብስትሬቱን እንዳለ ልክክ አድርጎ ቢይዘው ሥራው ይበላሽ ነበር፤ በጣም የተመቸው ሞለኪውል ከዚያ ለመንቀሳቀስ ይበልጥ ብዙ ጉልበት ይፈልጋልና። አጥብቆ የሚይዘው በለውጥ መሃል ያለውን፣ አሮጌው ቦንድ (የአተሞች ትስስር) ሊበጠስ አዲሱ ሊሠራ የደረሰበትን የሽግግር ቅርጽ ነው። ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ፎስፌትን ከኤቲፒ (የሕዋስ ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል) ወደ ግሉኮስ የሚያሻግረውን ኢንዛይም፣ ሄክሶካይኔዝን እንይ። ግሉኮስ ሲገባ ሁለቱ የፕሮቲኑ ክፍሎች እንደ መንጋጋ ይገጥማሉ፣ ውሃውም ከመሃል ይወጣል። ባይገጥሙ ኖሮ የኤቲፒው ፎስፌት ለግሉኮስ መድረሱ ቀርቶ በውሃ ይባክን ነበር። በጣም የሚያምር አሠራር ነው! ጠጣር ጓጉንቸር ይህን አያደርግም።

«ኢንዛይም ብዙ ምርት ይሰጣል» የሚለው የጽሑፉ አባባልም መታረም አለበት። የወዲያና የወዲህ ለውጡ ፍጥነት እኩል የሚሆንበት ሚዛን ላይ ቶሎ ያደርሳል እንጂ ሚዛኑን አይቀይርም።

የኢንዛይም ፍጥነት ለምትለኩ ደግሞ፦ ፍጥነቱን ከሰብስትሬቱ 10 በመቶ ሳያልቅ ውሰዱ፤ ከዚያ በኋላ ሰብስትሬቱ ይሳሳል፣ ምርቱም ኢንዛይሙን ሊያግድ ይችላል፣ መስመሩ ይጎብጣል። ሰብስትሬቱን ከኬኤሙ (ፍጥነቱ የከፍተኛው ግማሽ ከሚሆንበት የሰብስትሬት መጠን) 0.2 እስከ 5 እጥፍ ዘርጉት። ፕሮቲኑ ሌላ ሞለኪውልን የመያዝ ጥንካሬውን ስትለኩ የፕሮቲኑ መጠን ከኬዲው (የፕሮቲኑ ግማሽ ከሚያዝበት የነጻው ሞለኪውል መጠን) በደንብ ያነሰ ይሁን፤ ከበለጠ የምትለኩት ጥንካሬውን ሳይሆን የፕሮቲኑን ብዛት ነው።