«ማነህ?» የማይባልበት በር

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም በመንዝ፣ ከመሸ በኋላ ደጅ የመጣ ሰው ሳይጠየቅ አይገባም። አስቀድሞ ውሻው ይጠይቀዋል፤ ከዚያ አባወራው ከምድጃው ዳር ሳይነሣ «ማነህ?» ይላል፤ የመጣው ሰው «እኔ ነኝ» ብሎ ለማለፍ ቢሞክር «እኔ የሚባል ሰው አላውቅም» ይባልና የአባቱን ስም፣ አገሩንና የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ፣ ድምፁም ተመርምሮ፣ መወርወሪያው የሚነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አጎቴ ይህን ሥርዓት ዕድሜ ልካቸውን ሲያስከብሩ ኖረው በስተርጅና ስልክ ገዙ።

ባለፈው ዓመት መሐል ሜዳ ገበያ ሁለት ሙክት ሸጠው ገንዘቡን በስልካቸው ተቀበሉ። ሳምንት ሳይሞላ «8,000 ብር ተልኮልዎታል» የሚል አጭር መልእክት ደረሳቸው፤ ወዲያው ስልኩ ጠራና አንድ ወጣት «አባቴ፣ ለታመመች እናቴ መድኃኒት መግዣ ልልክ ስል አንድ ቁጥር ተሳስቼ ወደ እርስዎ ላክሁት» እያለ በለቅሶ ድምፅ ለመናቸው። መልእክቱ የመጣው ከአንድ ተራ የስልክ ቁጥር እንደ ሆነ፣ ሒሳባቸውም ላይ አንዲት ሳንቲም እንዳልተጨመረ ለማየት ጊዜ አልነበራቸውም፤ የሰው ገንዘብ በቤታቸው ሊያድር መሆኑ አስጨንቋቸዋልና። ከሙክቶቹ ዋጋ ላይ 8,000 ብር ላኩለት። በዚህም አላበቁም፤ ለበሽተኛዋ ጠበል መሄጃ ብለው 200 ብር ጨመሩበትና ስላዘገዩት ይቅርታ ጠየቁት። ሌባው ራሱ ሳይደነግጥ የቀረ አይመስለኝም።

የሙያው ሰዎች እንዲህ ያለውን ማታለል ማኅበራዊ ምሕንድስና ይሉታል። በሐሰተኛ መልእክት ሰውን አባብሎ የምሥጢር ቁጥሩን መውሰድን ደግሞ ከዓሣ ማጥመድ ጋር አዛምደው ፊሺንግ ብለውታል። ስሙን ያወጣው ደገኛ ቢሆን ኖሮ «ጨው ማላስ» ይለው ነበር፤ ከብት በአሞሌ እንደሚጠራ ሁሉ ሰውም በሚወደው ነገር ይጠራል፤ አንዱ በዕጣ ሽልማት፣ ሌላው በውጭ አገር ሥራ። አጎቴ የተጠሩት ግን በስስት ሳይሆን በጨዋነታቸው ነው። የሚያለቅስን ሰው «ቆይ፣ አጣርቼ ልደውልልህ» ማለት እኛ ዘንድ ፊት እንደ መንሣት ስለሚቆጠር፣ ይሉኝታ የበዛበት አገር ለአታላይ ሳይታረስ የሚያበቅል ማሳ ነው።

ሌላውም ዓለም ቢሆን ከዚህ አልዳነም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ከፊሊፒንስ የተነሣ «እወድሃለሁ» የሚል ኢሜይል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን አዳረሰ። የፍቅር ደብዳቤ መስሎ የተያያዘውን ፋይል የከፈተ ሰው ፋይሎቹ ይበላሹበታል፤ ያው ደብዳቤም በእርሱ ስም ለሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ይላካል። 40 ዓመት በትዳር ኖረው ይህችን ቃል አንድም ቀን ላልተነጋገሩት የአገሬ ባልና ሚስት ቢደርሳቸው ኖሮ ሽማግሌ ሳይሰበሰብ የሚከፈት አይመስለኝም። አዘጋጀው የተባለው የማኒላ ተማሪ፣ በአገሩ በጊዜው ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ በነጻ ሄደ። እኛ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958ን ያወጣነው በ2008 ዓ.ም. ነው።

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በምገለገልበት ፎቶ ኮፒ ቤት የተማሪው መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ጥሪውና የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ሁሉ በአንዲት ኮምፒውተር በኩል ያልፋል። የአንዱ ፍላሽ ሲነቀል የሌላው ይሰካል፤ ባለ ፍላሹም ቤቱ ሲደርስ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት (ስም ብቻ ያለው ጠቋሚ ምልክት) ሆነው ይጠብቁታል። ባለቤቷን «ኮምፒውተርሽ ቫይረስ አለበት?» ማለት ምግብ ቤት ገብቶ «እጅሽን ታጥበሻል?» እንደ ማለት ስለሆነ ማንም አይጠይቃትም። ፍላሽ ግን የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለ የኮምፒውተር ቫይረስ፣ ከኢንተርኔት ተለይቶ ወደ ነበረው የኢራን የናታንዝ ዩራኒየም ማበልጸጊያ ገብቶ ሴንትሪፊውጆቹን (ዩራኒየሙን የሚያበለጽጉትን ተሽከርካሪ መሣሪያዎች) ያበላሸው በፍላሽ ታዝሎ እንደ ሆነ ይታመናል፤ አዘጋጆቹም አሜሪካና እስራኤል ናቸው ተብሎ በሰፊው ይነገራል።

በበግ አገር ሌባ ማለት በጉን ነድቶ የሚሄድ ነው። ራንሰምዌር የሚሉት፣ የኮምፒውተርን ፋይሎች የሚቆልፍ ፕሮግራም ግን በጎቹን በበረታቸው ትቶ በረቱን በራሱ ቁልፍ ይቆልፍና የመክፈቻ ዋጋ ይተምናል፤ ባለቤቱም በጎቹ ሲጮሁ እየሰማ ይደራደራል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው በ150 ገደማ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን እንዲህ ቆልፎ ለእያንዳንዱ 300 ዶላር ቢትኮይን በሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ጠየቀ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። አሜሪካ ሰሜን ኮርያን ተጠያቂ አደረገች። የሚገርመው ግን ማይክሮሶፍት ዋናክራይ የገባበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍነውን ማስተካከያ (አፕዴት) ያወጣው ከ2 ወር በፊት መሆኑ ነው። ለመፍረድ አልቸኩልም፤ እኔም ክረምት ሳይገባ ጣሪያዬን የማስከድን ሰው ሆኜ ሳለሁ ላፕቶፔ አፕዴት በጠየቀኝ ቁጥር «በኋላ» የምትለውን እጫናለሁ። መስከረም ላይ የጀመርኋት «በኋላ» ፋሲካን ተሻግራለች።

ስለ አጥቂዎቹ ሲወራ ሁላችንም ባሕር ማዶ እንመለከታለን። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ 81 ሚሊዮን ዶላር የዘረፉት ከሩቅ ሆነው ነው፤ ሌላ 20 ሚሊዮን ዶላር ያመለጣቸው በላኩት የሐሰት የክፍያ ማዘዣ ላይ «ፋውንዴሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አሳስተው በመጻፋቸው ነበር። («ዲያቆን ቢሆን ይህን አይስትም ነበር» አሉ አጎቴ።) የእኛ ቀዳዳ ግን ባሕር መሻገር አያሻውም። በአንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃሉ በኮምፒውተሩ ግንባር ላይ ተለጥፏል፤ ምክንያቱን ስጠይቅ «ባልኖር ሥራ እንዳይቆም ነው» ተባልሁ። አጎቴም ባለሱቁ ሒሳብ እንዲያይላቸው ሲሹ የምሥጢር ቁጥራቸውን ከመንገድ ማዶ ሆነው ይጠሩለታል፤ ጆሯቸው ስለ ደከመ የሰው ሁሉ ጆሮ የደከመ ይመስላቸዋል።

ከሙክቶቹ ነገር በኋላ ግን አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጠን ተመካከርን፤ በደጅ የሚሉትን «ማነህ?» በስልክም እንዲሉ ነገርኋቸው፤ እሳቸውም እሺ አሉ። ባለፈው ወር የቤት ኪራይ 500 ብር ጎድሎኝ ደወልሁላቸው።

«ማነህ?»

«የእህትዎ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ። ድምፄን አላወቁትም?»

«ድምፅማ ያም ሰው ነበረው። እስቲ በእናትህ በኩል እስከ ሰባት ቤት ቁጠር።»

እናቴን ጠራሁ፤ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን፣ ምንጅላቴን ጠራሁ። አምስተኛው ላይ ዝም አልሁ።

«እስከ አራት ሌባም ያጠናል» ብለው ስልኩን ዘጉት።