ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ሁሉ ካርድ አለው?

ደሴ ፒያሳ ከሰዓት በኋላ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው ፖለቲካ አይገባውም ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ስለ ባህር በር አቋም አለው። ስለ ህገ መንግስቱ አለው። የአሜሪካን ምርጫ እንኳ ማን ሊያሸንፍ ይገባው እንደነበር ቁጭ አድርጎ ያስረዳችኋል። አቋሙ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ተቃራኒውን ያሰበ ሰው ሂሳቡን ከፍሎ ቢነሳ ይሻለዋል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚህ ሁሉ ምላሱ ጤፍ ከሚቆላ ሰው መሃል ስንቱ ነው የምርጫ ካርድ አውጥቶ የሚያውቀው?

ጥናት ጥናት እንዳትሉኝ፣ እሱንም ላምጣው። ፈረንጆቹ ዘንድ ጉዳዩ ብዙ ተጠንቷል። አንድን ፓርቲ አጥብቆ የሚደግፍ ሰው ለዘብ ካለው ሰው የበለጠ ወደ ምርጫ ጣቢያ ይሄዳል። ይሄ ብዙም አይገርምም። የሚገርመው ሁለተኛው ነው። አሜሪካ ውስጥ «መርጫለሁ» ያሉ ሰዎች መልስ ከመራጮች መዝገብ ጋር ሲመሳከር፣ ሳይመርጡ መረጥን የሚሉ በርካታ ሰዎች ይገኛሉ። እንዲህ ብለው የሚዋሹት ደግሞ ብዙ ጊዜ የተማሩትና ፖለቲካ የሚከታተሉት ናቸው። ያው ማፈር ነው። ፖለቲካ እወዳለሁ ያለ ሰው አልመረጥኩም ብሎ እንዴት ይናገራል?

ስለዚህ አቋም ያለውንና ድምፁ ከፍ ያለውን አንድ አናድርጋቸው። አቋም ያለው ይመርጣል፤ እሺ። ጮክ ብሎ የሚያወራው ግን ሁልጊዜ አቋም ያለው አይደለም። አንዳንዱ ፖለቲካን እንደ እንግሊዝ ኳስ ነው የሚከታተለው። ቡድን አለው፣ ይናደዳል፣ ይሳደባል፣ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይገባል። ሜዳ ገብቶ እንዲጫወት ማንም ጠይቆት አያውቅም፣ እሱም አስቦት አያውቅም።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩ የሚበላሸው በምርጫው ቀን አይደለም። ምዝገባ ላይ ነው። 2013ን አስታውሱ። ምዝገባው ሲጀመር ሰው አልመጣም፤ ምርጫ ቦርዱ ቀኑን ማራዘም ነበረበት። ኋላ ላይ ተሯሩጦ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። ሰኔ 14 ሲደርስ ግን ሰልፉ አላልቅ ብሎ ድምፅ መስጫው በ3 ሰዓት ተራዝሞ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሄደ። ምን ማለት ነው? ካርድ የያዘ ሰው ፀሐይም ዝናብም ሳይል ቆሞ መርጧል። ካርድ ያላወጣው ግን ሰኔ ላይ የቱንም ያህል ቢንገበገብ ዋጋ የለውም፣ በሩ ከተዘጋ ቆይቷል።

ምዝገባ ደግሞ ሰው ሁሉ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት የሚመጣ ነገር ነው። ክርክሩ ገና አልጋመም፣ ፖስተሩ አልተለጠፈም፣ ያ ፒያሳ የተቀመጠው ወንድማችን ገና ሌላ አጀንዳ ላይ ነው። ባለፈው ምርጫ ካርድ ነበረኝ ማለት አይሰራም፤ ለየምርጫው እንደ አዲስ ነው። 18 ዓመት መሙላት አለብህ፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር አለብህ፣ በ2013 ደግሞ መታወቂያህን ይዘህ ራስህ መሄድ ነበረብህ። ያኔ አንድ ጣቢያ የሚመዘግበው እስከ 1500 ሰው ነበር። ሲሞላ ወደ ሌላው ሂድ ይሉህ ነበር። ትሄዳለህ? እዚህ ጋ ነው ወሬኛውና አቋም ያለው የሚለያዩት።

የሰፈራችንን ነገር ልንገራችሁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ቡና የምንጠጣባቸው እናት አሉ። እጣኑ ጭሷል፣ አቦሉ ወርዷል፣ አንድ የኛው ጎረምሳ ቶናው ላይ ሲደርስ ተነሳበት። መንግስቱን አወረደ፣ ተቃዋሚውን አወረደ፣ ሽማግሌዎቹን ሁሉ አወረደ። እሳቸው ጀበናውን እያጋደሉ ቀና ሳይሉ፣

«አንተ ልጅ፣ ካርዱን የት ጣቢያ ነው ያወጣኸው?» አሉት።

«ምን ዋጋ አለው እትዬ! ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም።»

«ወላሂ እውነትህን ነው። ታዲያ ጉልቻ መሆኑን ካወቅክ ምን ያስጮህሃል? ጠጣ፣ በረካው ሳይቀዘቅዝ።»

የሳቸው ካርድ የእድር ደብተራቸው ውስጥ ነው የተቀመጠው፣ ከመዋጮ ደረሰኙ ጋር። ማንን እንደመረጡ ነግረውን አያውቁም። ስለ ፖለቲካ ሲያወሩም ሰምቼ አላውቅም። የኑሮ ውድነቱን ያወራሉ፣ የቧንቧውን ውሃ ያወራሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ። ሰልፍ ላይ ግን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ከጠዋቱ ነው የተገኙት።

እሳቸውን ቅዱስ ላደርጋቸው አይደለም። ብዙ እናትና አባት ሰልፍ የሚወጣው አቋም ስላለው ብቻ አይደለም። ጎረቤት ስለወጣ ይወጣል። ነገ ቀበሌ ጉዳይ ሲኖረኝ «ካርድሽስ?» ብባልስ ብሎ የሚወጣም አለ፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የሆነ ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ የገባው የእነሱ ወረቀት ነው። ቆጣሪው ወረቀቱን ሲዘረጋ በፍቅር ይሁን በፍርሃት የተጣለ መሆኑን አያይም፤ ጣት ያረፈው ከፓርቲዎቹ ምልክት አምፖሉ ላይ ነው ወይስ ሰዓቱ ላይ፣ እሱን ብቻ ነው የሚያየው።

አሁን ለጎረምሳው ልሟገትለት፣ ምክንያቱም ባዶ እጁን አይደለም የሚከራከረው። 1997 ላይ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር። ክርክሩ በቴሌቪዥን ቀጥታ ይተላለፋል፣ ሰው ስራ ትቶ ያያል፣ አዲስ አበባ ላይ ተቃዋሚው ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰደ። ከዚያ በኋላ በውጤቱ ውዝግብ የሆነውን መዘርዘር አያስፈልግም፤ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሰው መገደሉን ነው የተናገረው። ከ5 ዓመት በኋላ በ2002 ከ547 ወንበር 545ቱ የኢህአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። በ2007 እነዚያ ሁለቱም ቀሩ፣ 547ቱንም ጠቀለሉት። በ2013 ደግሞ ውጤት ከተገለጸባቸው 436 ወንበሮች ብልፅግና 410ሩን ወሰደ። ይህን እያየ ያደገ ልጅ ጉልቻ ቢቀያየር ቢል ምን ይፈረድበታል?

ግን አለመምረጥም ደረጃ አለው። በ2013 ኦሮሚያ ላይ ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ አንወዳደርም ብለው ወጡ። በይፋ ተናገሩ፣ ምክንያታቸውን አስቀመጡ፣ ደጋፊያቸው አወቀ። ተስማማህም አልተስማማህም ይሄ አቋም ነው። የኛ ሰፈሩ ልጅ ግን ምዝገባው መቼ እንዳለቀ እንኳ አያውቅም። ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው «አድሜያለሁ» ያለን። እንዲህ ያለ አድማ በማን ላይ እንደሚመታ እኔ አላውቅም፤ ገዢው ፓርቲ ግን እንቅልፍ እንዳላጣበት እርግጠኛ ነኝ።

ደግሞም የሚያንገበግበንና የምንመርጠው ነገር አይገናኙም። ስለ ዓባይ ሲያወራ የሚያመሸውን ሰው ለፓርላማ ከምርጫ ክልልህ የተወዳደሩትን ጥራልኝ በለው። አንዱን እንኳ ከጠራ ቡናው በኔ ነው። ለክልል ምክር ቤትማ ጭራሽ አይታሰብም። በሌላ በኩል ጠዋት ማታ የምናማርረው ምኑን ነው? መብራቱን፣ ውሃውን፣ የተቆፈረውን መንገድ፣ የቦታ ጉዳይ ይዘን የምንመላለስበትን ቢሮ። እነዚህ የከተማና የቀበሌ ጉዳዮች ናቸው። የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ደግሞ ሚያዝያ 2005 ነው። 2010 ላይ መደረግ ነበረበት፣ ተራዘመ፣ ተረሳ። ያኔ 18 ዓመት ያልሞላው የሰፈሬ ልጅ ሁሉ ዛሬ ሚስት አግብቶ ልጅ ወልዶ የቀበሌ ምክር ቤት አባል መርጦ አያውቅም። በዚህ ላይ ወጣቱ ለምን ቀዘቀዘ ይሉናል!

ሰው ድምፄ አንድ ነገር ያደርጋል ብሎ ሲያምን አይቀዘቅዝም። ህዳር 2012 ሲዳማ ላይ ህዝበ ውሳኔ ተደረገ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ክልል እንሁን ወይስ አንሁን። ከተመዘገበው ሰው ድምፅ ሳይሰጥ የቀረው እጅግ ጥቂት ነበር፣ 98.5 በመቶው ክልል እንሁን አለ፣ ሲዳማም ክልል ሆነች። ሰልፍ የሚያሰለፈው ይሄ ነው። መሪር አቋም ብቻውን እግር አያንቀሳቅስም፤ ሄጄ ብመለስ አንድ ነገር ይለወጣል የሚል ግምትም ይፈልጋል።

አሁን ወደ ወሎ ልመለስ፣ ምክንያቱም እዚህ ሌላ ዓይነት ሰው አለ፤ አቋሙም አለው፣ ፍላጎቱም አለው፣ መምረጥ ግን አይችልም። የወሎን ቤት አንኳኩታችሁ አንድ ሰው አረብ አገር የሌለበት ካገኛችሁ ንገሩኝ። ጅዳ ያለችው እህታችን በስልክ ከኛ በላይ ዜና ታውቃለች። ወንድሟን ያስተማረችው እሷ ናት፣ የቤቱን ቆርቆሮ የመታችው እሷ ናት። ድምፅ ግን የላትም፤ ውጭ አገር ሆኖ መምረጥ እኛ ዘንድ የለም። ገጠሩ ላይ ደግሞ የባለፉት ዓመታት የጸጥታ ነገር አለ። መንገድ ተዘግቶበት ከገበያ የቀረን ገበሬ ከምርጫ ለምን ቀረህ ማለት ነውር ነው።

ከሁሉም የሚያበግነኝ የሹፌሩ ነው። ኮምቦልቻ ቤቱ፣ ሚስቱና ልጆቹ ያሉበት፣ ወሩን ግን ባቲን ወርዶ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ሲመላለስ የሚያሳልፍ ሰው። ፖለቲካ ከሱ በላይ የሚገባው የለም፤ ኬላው፣ ነዳጁ፣ ዶላሩ፣ የመንገዱ ሰላም በየቀኑ እላዩ ላይ ነው የሚያልፈው። ምዝገባው ሲጀመር ጋላፊ ላይ ወረፋ ይዟል። የምርጫው ቀን ደግሞ ምናልባት ወደብ ላይ ጭነት እየጠበቀ ነው። ካርዱን አውጥቶ እንኳ ቢሆን ከተመዘገበበት ጣቢያ ውጭ ወረቀት የሚሰጠው የለም። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለወታደር፣ ለተፈናቃይ ልዩ ጣቢያ ይዘጋጃል፤ ጥሩ ነው፣ ይገባቸዋል። ቦርዱ ለሹፌሩስ ሚሌ ላይ አንድ ድንኳን ተክሎ አንድ ሳጥን ማስቀመጥ ምን ያቅተዋል?